ለመመረቂያ ጥናት ገንዘብ ፍለጋ፦ ከይፋት የመስክ ሥራዬ

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው የይፋት ቁልቁለት ላይ ባለ አንድ የመካከለኛው ዘመን መንደር ፍርስራሽ ላይ ነው። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነበር። የቦታውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወዲህ የአርኪዮሎጂና የታሪክ ተማሪዎች የጥናት ዕቅዳቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። ስለ ፍርስራሹ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘሁ ነው።

አንድ ሰጪ አልነበረኝም። የትምህርት ክፍሉ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚመድባት ገንዘብ የሁለተኛ ጉዞዬን መጓጓዣ ቻለች። ከአንድ የጥናት ማዕከል ያገኘሁት አነስተኛ የመስክ ድጋፍ ለመንገድ መሪዎቼ፣ ለማደሪያዬና ለምግቤ ዋለ። የከሰል ናሙናዬን ዕድሜ ያስለካልኝ ደግሞ አማካሪዬ የሚሳተፉበት ሌላ ፕሮጀክት ነው። ሁሉም ቢደመር ብዙ ገንዘብ አይደለም። ግን ለተማሪ ሥራ በቂ ነበር፤ በቂ የሆነውም ጥያቄዬ ትንሽ ስለነበረ ነው። ሙሉ ወጪውን የሚሸፍን አንድ ትልቅ ሰጪ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ ክረምቱ ይገባበታል።

ስለ ይፋት ጥቂት ልበል፤ አለዚያ የጥያቄው ትንሽነት አይገባችሁም። የወላስማ ሱልጣኖች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 15ኛው መባቻ ድረስ ከዘይላ ወደ መሀል አገር የሚወጣውን የንግድ መንገድ ተቆጣጥረው የኖሩበት አገር ነው። በመጻሕፍት ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው ከአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመቻ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ፍራንሷ ዛቪየ ፎቬል፣ በርትራን ኢርሽና ባልደረቦቻቸው አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉትን የፈረሱ የሙስሊም ከተሞች አጥንተው ካሳተሙ ወዲህ የይፋት ከተሞች ከዜና መዋዕል ወጥተው በእግር የሚደረስባቸው ቦታዎች ሆኑ። እንዲህ ያለ ቡድን መስጊዱን፣ መቃብሩንና የከተማውን ንድፍ ያነሳል። በከተማና በከተማ መካከል ያለው እርከን፣ የእግር መንገድ፣ ምንጭና ትንንሽ መንደር ግን ሳይታይ ይቀራል። የተማሪ ድርሻ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኔ ጥያቄ «የዚህ መንደር ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር?» የሚል ነበር። ፍርስራሹ ያለው ሸንተረር አናት ላይ ነው፤ ዛሬ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ከታች ሸለቆው ውስጥ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መመለስ ለእኔ ባዶ እጄንም ፈተና ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ካርታ፣ መለኪያ፣ ሁለት እግርና የአካባቢ ሰው ብቻ ይፈልጋል፤ ቁፋሮ አይጠይቅም። ድጋፍ ከሰጠኝ ማዕከል ዕቅዴን ካነበቡት አንዱን በኋላ ሳገኛቸው የጽሑፌን ርዕስ ረስተውታል፤ የውሃውን ነገር ግን ያስታውሱ ነበር።

የታሪክ ተማሪዎች ቅር እንዳይላችሁ እንጂ፣ የእናንተ ርዕስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «የእገሌ ወረዳ ታሪክ፣ ከ1933 እስከ 1983»። ጣሊያን ሲወጣ ይጀምራል፣ ደርግ ሲወድቅ ያበቃል። ወረዳው ይለዋወጣል እንጂ ዓመቱ አይነካም። እንዲህ ያለ ርዕስ ለመመረቅ ይበቃ ይሆናል፤ ገንዘብ ግን አያመጣም፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን እንደምትፈልጉ ማወቅ አይችልም። ከዚያው ወረዳ አንድ የገበያ ከተማ፣ አንድ የመሬት ክርክር፣ አንድ ድርቅ ወይም አንድ ድልድይ ምረጡ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የቀደሙ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን ይዟል። ለማንበብ ገንዘብ አያስፈልግም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ የተጻፉት በተለይ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎችን ያነጋገሩ ልጆች ሥራ ናቸው። በዕቅዳችሁ ውስጥ «ይህ ተማሪ ይህን ጠይቆ እዚህ ላይ አቁሟል፤ እኔ ከዚያ እቀጥላለሁ» የሚል አንድ አንቀጽ ካለ አንባቢው ቀና ብሎ ያያችኋል።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልምጣ፤ ከገንዘቡ የሚቀድም እሱ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለማጥናትም ሆነ ለመፈለግ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያኔ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ከትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ የተሰጣችሁን ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የክልሉን ለዞን፣ የዞኑን ለወረዳ፣ የወረዳውን ለቀበሌ ታደርሳላችሁ። በየደረጃው ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አለ። ደብዳቤው ላይ የቦታው ስም በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፤ ቀበሌው በሌላ ስም ከተጻፈ ሊቀመንበሩ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ወደ ወረዳ ይመልሷችኋል፤ እሳቸውም ልክ ናቸው።

የፈቃዱ ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይም ነው። ለመስክ ቡድን ከባለሥልጣኑ ተወካይ ይመደባል፤ የተወካዩ ውሎ አበልና መጓጓዣ የሚከፈለው ከጥናቱ በጀት ነው። ይህንን መስመር ያልያዘ የተማሪ በጀት በርካታ አንብቤአለሁ። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ገንዘብ ይህንን ካልቻለ፣ አማካሪያችሁ ወይም ሌላ መምህር ፈቃድ ባለው ፕሮጀክት ውስጥ እንዲያስገቧችሁ ጠይቁ። በነባር ፕሮጀክት ጥላ ሥር መሥራት ነጻነታችሁን ትንሽ ይቀንሳል፤ ፈቃዱን፣ ተወካዩንና አንዳንድ ጊዜም መኪናውን ግን ታገኛላችሁ። እኔ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ቁፋሮን አልመክርም። የቆፈረ ሰው ያወጣውን ማጠብ፣ መመዝገብ፣ ማስቀመጥና ማስረከብ አለበት፤ ጉድጓዱንም መልሶ መድፈን አለበት። የዚህን ሁሉ ወጪ የሚችል የተማሪ ድጋፍ አላየሁም። የገጽ ቅኝት፣ ማለትም ሳይቆፍሩ ከመሬቱ በላይ የሚታየውን መመዝገብ፣ እንዲሁም በጎርፍ የተቆረጠ ግንብ ብዙ ይናገራሉ።

ስለ ዘመን ልኬት የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እንደ ከሰል ያለ አንድ የካርቦን ናሙና ዕድሜውን በውጭ ላቦራቶሪ ለማስለካት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፤ ናሙናውን ከአገር ለማስወጣትም የተለየ ፈቃድ አለው። ውድ ነው፤ ግን ከበጀታችሁ አንድ ነገር ብቻ በውጭ ምንዛሪ የምትጠይቁ ከሆነ እሱን ጠይቁ። በጌዴኦ የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች ዘመን ከ1000 ዓመት ያልበለጠ ሲመስል ኖሮ፣ አሸናፊ ዜናና አንድሩ ደፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት በካርቦን ልኬት ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ወርዷል። አሸናፊ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረ ነው። የአንድ አካባቢ ታሪክ በጥቂት ናሙናዎች በ1000 ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰጪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ታዲያ ናሙናው ከየትኛው ንብርብር እንደተወሰደ በሥዕልና በፎቶ ካላሳያችሁ ገንዘቡ ባክኗል። እኔ ከሰሉን ያገኘሁት ጎርፍ ከሸረሸረው የግንብ መሠረት ሥር ሲሆን፣ ከመንካቴ በፊት ግንቡን፣ አፈሩን፣ መለኪያ ዘንጉንና የሰሜን ቀስቱን አንድ ላይ ፎቶ አንስቼ ነበር። አማካሪዬ ላቦራቶሪ ለሚልከው ፕሮጀክት ያሳዩት ያንን ፎቶ ነው፤ «ይህችንም ጨምሩልኝ» ለማለት ሌላ ብዙ መናገር አላስፈለጋቸውም።

ወደ ሰጪዎቹ ስንመጣ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለባችሁ በር አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ነው። ለተማሪ የመስክ ሥራ አነስተኛ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ባይሰጣችሁ እንኳ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን አርኪዮሎጂ ላይ የተጻፈ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ። ናይሮቢ ያለው የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ተቋምም ለአነስተኛ ጥናቶች ገንዘብ ይሰጣል። ዳካር ያለው ኮዴስሪያና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው ኦስሪያ የተባሉት የምርምር ድርጅቶች በተለያየ ጊዜ ለመመረቂያ ጽሑፍ ድጋፍ ሰጥተዋል፤ እነዚህ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ስለሚያደሉ ለታሪክ ተማሪ ይቀርባሉ። ዌነር ግሬን ፋውንዴሽን በአንትሮፖሎጂና አርኪዮሎጂ ትልቅ ስም ነው፤ የመስክ ድጋፉ ግን ለዶክትሬት ተማሪ ነው። የሊኪ ፋውንዴሽንም እንዲሁ የሚፈለገው ለሰው ልጅ አመጣጥ ጥናት ነው። ባልድዊን የሚባለው የትምህርት ድጋፉ ከእኛ ዓይነት አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የተዘጋጀ በመሆኑ አፋርና ኦሞ ላይ የምትሠሩ ተመልከቱት። የመቃብር ቁልልን ወይም መስጊድን ከሰው ልጅ አመጣጥ ጋር ለማያያዝ የሚሞክር ዕቅድ ግን አይቻለሁ፤ እንዲህ አታድርጉ፤ አንባቢው በሁለተኛው ገጽ ላይ ይነቃል።

ለመዛግብት ሰዎች አንድ ሌላ መንገድ አለ። በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሥር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም በአገራችንም የብራና መጻሕፍትን በፎቶ ለማስቀረት ገንዘብ ሰጥቷል። ዋናው መዝገብ ከአገር አይወጣም፤ ቅጂው ብቻ ነው የሚወሰደው። ገንዘቡ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሰጥም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ካሜራ ይዞ የሠራ ተማሪ ደመወዝም ያገኛል፣ ማንም ያላነበበውንም ምንጭ ቀድሞ ያያል።

አሁን ስለ ብሩ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የመመረቂያ ዕቅድ የሚጸድቀው ብዙ ጊዜ ከገና በኋላ ነው፤ ቅድመ ክፍያው ሲለቀቅ መጋቢትና ሚያዝያ ይሆናል፤ ሂሳቡ ደግሞ በሰኔ መወራረድ አለበት። ይፋት ላይ መሬቱ የሚታየው ማሽላው ከተነሳ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ክረምት ሲገባ ሣር ፍርስራሹን ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ይቆረጣል። እንግዲህ ገንዘቡና መሬቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። የጥናት ማዕከሉ ድጋፍ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ በበጋ የከፈልኩት ከእሱ ነው። የትምህርት ክፍሉን ገንዘብ ለሁለተኛው ጉዞ፣ ለቃለ መጠይቅና ለማባዣ አቆየሁት። ቃለ መጠይቅ ሣር አይከለክለውም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለሚጽፉ ተማሪዎች ደግሞ የምንዛሪው ነገር አለ። ያኔ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የነዳጅና የመኪና ኪራይ ዋጋም አብሮ ወጣ። በዶላር ወይም በዩሮ የሚሰጥ ድጋፍ ያገኘ ተማሪ ብዙም አልተጎዳ ይሆናል፤ በብር የተመደበለት ግን ያው ገንዘብ ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ በጀቱን ስትሠሩ የአገር ውስጡን በብር፣ የላቦራቶሪውን በውጭ ምንዛሪ ለይታችሁ ጻፉ፤ ምንዛሪው የተሰላበትን ቀንም አስፍሩ። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ በባንክ ሲገባ የድጋፍ ስምምነቱን ደብዳቤ ሊጠይቋችሁ ስለሚችል ቅጂውን ያዙ። ድጋፉ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ በኩል ይግባ ከተባለ ከመፈረማችሁ በፊት ስንት እንደሚቆረጥና በስንት ጊዜ እንደሚለቀቅ ጠይቁ።

የበጀት ሠንጠረዥ ላይ ልቆይ፤ ዕቅድ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። መኪና መከራየት የማይቀር ቢሆንም ለሁሉም ቀን አያስፈልግም። የሰንበቴ ከተማ ገበያ እሑድ ነው፤ በገበያ ቀን በየአቅጣጫው የሚሄድ አይሱዙ አይጠፋም። ጉዞዬን በገበያ ቀን ላይ አስማምቼ የመኪና ኪራዩን ዕቃ ለያዝኩባቸው ቀኖች ብቻ አስቀመጥኩ፤ በማብራሪያው ላይም እንዲሁ ጻፍኩት። አንባቢው አካባቢውን እንደማውቅ የተረዳው ከሥነ ጽሑፍ ዳሰሳዬ ይልቅ ከዚህች መስመር ይመስለኛል። የስልክ ጂፒኤስ ለሸንተረር ሥራ ይበቃል፤ ውድ መሣሪያ ከመጠየቅ ከትምህርት ክፍሉ ተዋሱ። ላፕቶፕ የሚጠይቅ በጀት ሁሌም ጥርጣሬ ያስነሳል።

ለአካባቢው ሰው የምትከፍሉትን አታሳንሱ። መንገድ መሪዬ የቀበሌው ገበሬ ነበር፤ በማሽላ ማጨጃ ወቅት አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሲውል ማሳው ላይ ሌላ ሰው ቀጥሮ ነው። ስለዚህ የቀን ክፍያው ቢያንስ የአጫጅ የቀን ምንዳ ከነምግቡ መሆን አለበት። ደረሰኝ ታዲያ ከየት ይመጣል? ሂሳብ ክፍሉ የታተመ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ገበሬው ደረሰኝ የለውም። መፍትሔው ከመሄዳችሁ በፊት ሂሳብ ክፍሉ ራሱ በሚቀበለው ቅጽ የክፍያ መፈረሚያ ማዘጋጀት ነው፦ ስም፣ የሠራው ሥራ፣ ቀን፣ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ከሥርም የቀበሌው ማህተም። ለጣት አሻራው የቀለም ሰሌዳ ያዙ። እኔ የሂሳብ ክፍሉ ባለሙያ ቅጹን አስቀድሞ እንዲያየውና እንዲስማማበት አድርጌ ነበር፤ ስመለስ የተጠየቅሁት የቡናና የስኳሩን ብቻ ነው።

የቡናና የስኳሩ ነገር እውነተኛ ወጪ ነው። ይፋት ውስጥ ሽማግሌ የምታነጋግሩት ወረቀት ይዛችሁ ቁማችሁ አይደለም። ትቀመጣላችሁ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይሰበሰባል። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። «ቡናና ስኳር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሒሳብ ሹሙ ይሰርዘዋል፤ «የማኅበረሰብ ውይይት መስተንግዶ» ብትሉት ያልፋል፤ ነገሩ ያው ነው።

ከነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ ላይ ብዙ የሚያውቁ አንድ ሼህ ስለ ምንጩ እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ዝም አሉኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ከአንቺ በፊት የመጡ ተማሪዎችም ጠይቀው፣ ጽፈው ሄዱ። የጻፉትን ግን አላየነውም» አሉ። «እኔ አመጣዋለሁ፣ ሼህ» አልኳቸው። «በምን ታመጪዋለሽ? መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ጽሑፋችን በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ሳምንት የበጀት ማሻሻያ ደብዳቤ ለጥናት ማዕከሉ ጽፌ ከማደሪያ ወጪ ቀንሼ በአማርኛ አጭር ማጠቃለያ ማዘጋጃና ማባዣ አስገባሁ። ወዲያው ፈቀዱ። ማጠቃለያው ካርታ፣ ፎቶና ሼሁ የነገሩኝ ታሪክ በስማቸው ያለበት ነው፤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤቱና ለመስጊዱ ተሰጠ። ይህንን ከመጀመሪያው በበጀታችሁ አስገቡት፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሰጪዎችም ይወዱታል።

የቦታውን ስም ያልጻፍኩበት ምክንያት ወርቅ ፈላጊ ነው። መቃብርና ግንብ ሥር ሀብት አለ የሚል ወሬ በተነሳበት ሁሉ በሌሊት የሚቆፍር ይመጣል፤ እኔ በቆየሁበት ጊዜም አንድ መቃብር ተገልብጦ አድሮ አገኘነው። አጥንቱ ሜዳ ላይ ተበትኗል፤ ሽማግሌዎቹ ሰብስበው መልሰው ቀበሩት። የጂፒኤስ ነጥቦቻችሁን ለባለሥልጣኑና ለአማካሪያችሁ በሚሰጠው ቅጂ ውስጥ ብቻ አስገቡ። ለሰጪ በምትልኩት ዕቅድና ሁሉም በሚያየው ጽሑፍ ላይ የቀበሌው ስም ይበቃል።

ስለ ጸጥታ አንድ ነገር። እኔ በሠራሁበት ጊዜ በሰላም ወጥቼ ገብቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌላ ቦታ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በዝቷል። አሁን የማነበው ዕቅድ ሁሉ መስኩ ባይቻል ምን እንደሚሠራ እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። በሙዚየም ያሉ ስብስቦች፣ የሳተላይት ምስል፣ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ከአካባቢው ወጥተው አዲስ አበባ የሚኖሩ ሽማግሌዎች አማራጭ ናቸው። ሰጪው ይህንን ሲያይ ገንዘቡ መንገድ ተዘግቶ እንደማይቀር ያውቃል። ለመንገድ መሪያችሁ ደውላችሁ እሱ «አትምጪ» ወይም «አትምጣ» ካላችሁ አትሂዱ፤ ደብዳቤ ተጽፎ ጊዜ ይራዘማል። እኔ የማውቃቸው ሰጪዎች በምክንያት የተጠየቀ ማራዘሚያ ከልክለው አላየሁም፤ ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ግን ሁለተኛ አይሰጡትም።

ገንዘብ ከተረፈም እንዲሁ ጻፉ። ከእኔ ትንሽ ተርፎ ነበር፤ ጉባኤ ላይ ጽሑፌን እንዳቀርብበት ጠይቄ ተፈቀደልኝ። የመጨረሻውን ሪፖርት ከቀነ ገደቡ በፊት ከነፎቶውና ከነማጠቃለያው ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት ከትምህርት ክፍላችሁ የሚያመለክት ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወጡት የእናንተን ፋይል ነው።